የተማሪዎች ጉዞ ወደ ጣና ባሕር፤ ጥብቅ ስፍራን ሳይጎዱ ስለ መጎብኘት

ትምህርት በጆሮ ብቻ ሲገባ ቶሎ ይረሳል፤ በዐይን ሲታይ ግን ከልብ ይቀመጣል። ስለዚህ አገሩን በመጽሐፍ ብቻ የተማረ ልጅ አገሩን ዐወቀ ለማለት አይቻልም። በጠዳና በዙሪያዋ ባሉ መንደሮች የሚማሩ ልጆች የጣናን ስም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ይሰማሉ፤ በደጃቸው የሚዘንበውም ዝናብ በየፈፋውና በየወንዙ ተሰብስቦ መጨረሻው ወደ ጣና ነው። ሆኖም ስሙን መስማትና ባሕሩን ማየት አንድ አይደለም። መምህራን ከወላጆችና ከአገር ሽማግሌዎች ጋር ተማክረው ተማሪዎቻቸውን ወደ ጎርጎራ ወስደው ባሕሩን፥ ደሴቶቹን፥ አዕዋፉንና ታንኳውን ቢያሳዩአቸው እጅግ የሚጠቅም ሥራ ይሆናል።

ነገር ግን ጣና ገበያ አይደለም። ወደ ገበያ የሚሄድ ሰው በመንገዱ ሁሉ የሚያስበው «ምን ይዤ እመለሳለሁ» ብሎ ነው፤ ወደ ጥብቅ ስፍራ የሚሄድ ሰው ግን አስቀድሞ ማሰብ ያለበት «ምን ሳልነካ እመለሳለሁ» ብሎ ነው። ጉዞው በዚህ አሳብ ካልተሰናዳ ልጁ ይታመማል፥ የገዳሙ ጸጥታ ይታወካል፥ ባሕሩም ይጎዳል። መጥኖ መደቆስ አስቀድሞ ነውና፥ የዚህ ጽሑፍ ዓላማ መምህሩ ከመነሣቱ በፊት ሊያስብበት የሚገባውን ነገር በየተራው መግለጥ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተቈጠሩ ናቸው።

በሩቅ ባሕር ያለ ምሳሌ

ነገሩ ይበልጥ እንዲገለጥ አስቀድሞ በውቅያኖስ ውስጥ ያሉትን ጥብቅ ደሴቶች መመልከት ይጠቅማል። ሙቀት ባለው የባሕር ውኃ ውስጥ ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን እንስሳት ይኖራሉ። እነዚህ እንስሳት እጅግ ብዙ ሆነው ተያይዘው ይኖራሉ፤ ከውኃውም ውስጥ ኖራን እየወሰዱ ከበታቻቸው ድንጋይ የመሰለ ቤት ይሠራሉ። አንዱ ትውልድ ሲሞት ሌላው በላዩ ይሠራል። ሥራቸው ግን ዝግተኛ ነው፤ ብዙዎቹ በዓመት የሚያድጉት ከጥቂት ሚሊ ሜትር እስከ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ባለማወቅ በእግሩ ረግጦ የሰበረውን ለመመለስ ብዙ ዓመታት ያስፈልጋሉ።

እነዚህ እንስሳት ከሚሠሩአቸው ደሴቶች መካከል አቶል የሚባለው እንደ ቀለበት ክብ ሆኖ በመካከሉ ጸጥ ያለ ውኃ የያዘ ነው። ይህ ቀለበት እንዴት እንደ ተሠራ ቻርልስ ዳርዊን የተባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1834 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ ገልጦታል። እርሱ እንዳለው በመጀመሪያ ከባሕር ውስጥ በእሳተ ገሞራ የወጣ ተራራ ነበረ፤ ኮራሉም በተራራው ዙሪያ እንደ ቅጥር ሠራ። ከዚያ በኋላ ተራራው ቀስ በቀስ ወደ ታች ሲሰጥም ኮራሉ ወደ ላይ እየሠራ ቀረ፤ በመጨረሻም ተራራው ጠፍቶ ቅጥሩ ብቻ ታየ። በ1944 ዓ.ም. በሰላማዊ ውቅያኖስ ኤኒዌቶክ በሚባለው አቶል ላይ ምድሩ በመሣሪያ ሲበሳ፥ ከ1200 ሜትር በላይ ውፍረት ካለው የኮራል ድንጋይ በታች የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ተገኘ። በዚህም የዳርዊን አሳብ እውነት መሆኑ ተረጋገጠ።

ከነዚህ ደሴቶች አንዱ በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ በሲሸልስ ግዛት ያለው አልዳብራ ነው። በዚህ ደሴት ላይ ከጠባቂዎችና ከተመራማሪዎች በቀር ሰው አይኖርም፤ ትልልቅ ኤሊዎች ግን ከመቶ ሺህ የማያንሱ ይገኙበታል። በ1975 ዓ.ም. ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው። ወደ አገራችን የሚቀርበው ደግሞ በቀይ ባሕር ውስጥ ከሱዳን ጠረፍ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚገኘው ሳንጋኔብ ነው፤ እርሱም በ2008 ዓ.ም. በዚሁ መዝገብ ገባ።

ወደ እንደዚህ ያሉ ስፍራዎች የሚሄዱ ጎብኚዎች በዐይናቸው ላይ የውኃ መነጽር አድርገው፥ የመተንፈሻ ቱቦ በአፋቸው ይዘው፥ ፊታቸውን ወደ ታች ደፍተው በውኃው ላይ እየተንሳፈፉ ዓሣውንና ኮራሉን ይመለከታሉ። ይሁን እንጂ ማንም እንደ ወደደ አይሄድም። ወደ አልዳብራ ለመግባት አስቀድሞ ፈቃድ መቀበል ግዴታ ነው። ጎብኚ ኮራሉን መርገጥ፥ መንካት፥ ባዶውንም ቀፎ ቢሆን አንሥቶ መውሰድ አይገባውም፤ የጀልባ መልሕቅም በኮራል ላይ አይጣልም። የፓላው መንግሥት ደግሞ ሰዎች ከፀሐይ ለመጠበቅ ገላቸውን የሚቀቡት አንዳንድ ቅባት በውኃው ውስጥ ሲሟሟ ኮራሉን ይጎዳል በማለት በ2012 ዓ.ም. ከልክሎታል።

እንግዲህ አንባቢ ያስተውል። ለአንድ ቀን ለማየት የሚሄድ ሰው ይህን ሁሉ ትእዛዝ የሚቀበለው ስለምን ነው? ስፍራው ራሱን ሊከላከል ስለማይችልና ከተበላሸም በኋላ ቶሎ ስለማይድን ነው። የጣናም ነገር እንደዚሁ ነው።

ጣና ስለምን ጥብቅ ሆነ

ጣና በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው። ስፋቱ 3000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ ይገኛል። ስፋቱ ታላቅ ቢሆንም ጥልቅ አይደለም፤ እጅግ ጥልቅ የሆነው ስፍራ ከ15 ሜትር አይበልጥም። ግልገል ዐባይ፥ ርብ፥ ጉማራና መገጭ ከሚገቡበት ወንዞች ዋናዎቹ ናቸው፤ የሚወጣው ግን ዐባይ ብቻ ነው። በውስጡ ያሉት ደሴቶች 37 ያህል ሲሆኑ፥ በብዙዎቹ ላይ ገዳማትና አብያተ ክርስቲያናት አሉ። በዳጋ እስጢፋኖስ የዐፄ ፋሲልና የሌሎች ነገሥታት አፅም ይገኛል፤ በደቅ ደሴት ያለችውን ናርጋ ሥላሴን ያሠሩ እቴጌ ምንትዋብ ናቸው።

ጣናን በዓለም ሊቃውንት ዘንድ ያስጠቀሰው ሌላው ነገር ዓሣው ነው። ከባሕሩ የሚወጣው ዐባይ በጢስ ዐባይ ፏፏቴ ወደ ታች ይወድቃል፤ ከታች ያለው ዓሣ ያን ገደል ወጥቶ ወደ ጣና ሊገባ አይችልም። ስለዚህ በጣና የቀረው ዓሣ ለብቻው ተከልሎ እጅግ ረጅም ዘመን ኖረ። በዚህም ምክንያት ላቤዮባርበስ ከሚባለው ወገን በዚያው ባሕር ውስጥ 15 ያህል ልዩ ልዩ ዝርያዎች ተገኙ። አንዳንዱ በጭቃው ውስጥ ምግቡን ይፈልጋል፥ ሌላው ቀንድ አውጣ ይበላል፥ ሌላውም ሌላ ዓሣ እያሳደደ ይኖራል። በሌላ አገር እንደዚህ ያለ ነገር እምብዛም አይገኝም።

ከነዚህ ዝርያዎች መካከል ቢያንስ 7ቱ በክረምት ጊዜ ወደ ወንዞቹ ወጥተው በጠጠሩ ላይ ዕንቍላል ይጥላሉ። እንግዲህ ጉዳት የሚደርስባቸው በዚህ ጊዜ ነው። በ1978 ዓ.ም. ገደማ በጣና ላይ የሞተር ጀልባና የፋብሪካ መረብ ለዓሣ ማጥመጃ ገባ፤ ለአጥማጆችም እንጀራ ሆነ። ነገር ግን በወንዞቹ መግቢያ ላይ መረብ ሲዘረጋ የሚያዘው ዓሣ ዕንቍላሉን ያልጣለው እናት ዓሣ ነው። አንዳንዶችም የብርብራን ፍሬ ፈጭተው በውኃ ውስጥ በመበተን ዓሣውን አደንዝዘው ይይዛሉ፤ በዚህም ትንሹና ትልቁ አብሮ ይጠፋል። ወደ ወንዝ የሚወጡት ዝርያዎች ቍጥር ከዚያ ወዲህ በእጅጉ ማነሱን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። መንግሥትም የዓሣ ሀብት እንዲጠበቅ በ1995 ዓ.ም. አዋጅ ቍጥር 315ን አወጀ።

በሰኔ 2007 ዓ.ም. ዩኔስኮ ጣናንና ዙሪያውን ወደ 700 ሺህ ሄክታር ከሚጠጋ ስፋት ጋር የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዘገበው። የዚህም ሥርዓት ሦስት ክልል አለው። የመጀመሪያው እምብርቱ ነው፤ በዚያ ተፈጥሮ ሳይነካ ይጠበቃል። ሁለተኛው እምብርቱን እንደ አጥር የሚከብብ ነው፤ በዚያ ጉዳት የሌለበት ሥራ፥ ማለት ትምህርት፥ ምርምርና ጉብኝት ይፈቀዳል። ሦስተኛው ሰዎች የሚያርሱበትና የሚኖሩበት ነው። እንግዲህ ጥብቅ ማለት ሰው ሁሉ ይውጣ ማለት አይደለም፤ ሰው በየክልሉ የሚገባውን ይሥራ፥ የማይገባውን ይተው ማለት ነው። የተማሪዎች ጉብኝትም በዚህ ሥርዓት ውስጥ ስፍራ አለው።

ስለምን ወደ ውኃው መግባት አይገባም

በኮራል ባሕር ጎብኚው ፊቱን ወደ ውኃ ደፍቶ ይመለከታል፤ በጣና ግን ተማሪው ከጀልባው ወይም ከዳርቻው ሆኖ መመልከት ይገባዋል። ለዚህም ሦስት ምክንያቶች አሉ።

1ኛ፤ የጣና ውኃ እንደ ኮራል ባሕር የጠራ አይደለም። ወንዞቹ ከየተራራው አፈር ይዘው ስለሚገቡ፥ ይልቁንም በክረምትና ከክረምት በኋላ፥ ውኃው ይደፈርሳል። ወደ ውስጥ የገባ ሰው አንዳች አያይም፤ ጥልቁንና ጥልቅ ያልሆነውንም ለይቶ አያውቅም። እያሳሳቀ የሚወስድ ውኃ ነው እንደሚባለው፥ በዳርቻው ጸጥ ብሎ የሚታየው ውኃ ዋና የማያውቀውን ልጅ በድንገት ሊወስደው ይችላል።

2ኛ፤ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ቀን በውኃ ውስጥ ይውላል፤ ሲመሽ ሣር ሊግጥ ወደ ዳር ይወጣል። በእርሱና በውኃው መካከል የገባ ሰው ወይም በቅርብ የቀረበው ታንኳ ለአደጋ ይጋለጣል።

3ኛ፤ ቢልሃርዚያ የሚባለው በሽታ በጣና ዳርቻ ይገኛል። ይህ በሽታ የሚመጣው በዐይን ከማይታይ ትንሽ ትል ነው። የታመመ ሰው በዳርቻ ሲጸዳዳ የትሉ ዕንቍላል ከሰገራው ጋር ወደ ውኃ ይገባል፤ በዚያም ተፈልፍሎ በቀንድ አውጣ ሰውነት ውስጥ ይራባል። ከቀንድ አውጣውም ወጥቶ በውኃው ውስጥ እየዋኘ የሚታጠብ ወይም የሚራመድ ሰው ሲያገኝ ቆዳውን በስቶ ይገባል፤ ሰውዬውም ሲገባበት ላያውቅ ይችላል። ከዚያ በኋላ የሆድ ቍርጠትና ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ ያመጣል፤ ሳይታከም ብዙ ዓመት ቢቈይም ጉበትንና ጣፊያን ይጎዳል። ቀንድ አውጣው የሚኖረው በዳርቻው ባለው ሣርና ደንገል መካከል ነው፤ ስለዚህ ጥልቁ ውኃ ሳይሆን ሕፃናት እግራቸውን ሊያርሱበት የሚወዱት ጥልቅ ያልሆነው ስፍራ ይበልጥ የሚያስፈራ ነው።

ለዚህ በሽታ ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት አለ። ልጁ ውኃውን ነክቶ እንደ ሆነ መምህሩ ስሙን ጽፎ ይያዝ፤ ዕንቍላሉ በሰገራ የሚታየው ከብዙ ሳምንት በኋላ ስለሆነ፥ ሁለት ወር ያህል ሲሞላ ወደ ጤና ጣቢያ ወስዶ ያስመርምረው። በዚህ ነገር የኢትዮጵያዊው ሊቅ የዶክተር አክሊሉ ለማ ስም ሊጠቀስ ይገባል። እርሳቸው በ1950ዎቹ ዓመታት አጋማሽ በዐድዋ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ስፍራ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው በማየታቸው፥ እንዶድ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል አስረዱ። ይሁን እንጂ እንዶድ ዓሣንም ስለሚገድል ማንም በገዛ ፈቃዱ ወደ ባሕር ሊጨምረው አይገባም።

ከጉዞው በፊት የሚሰናዳ

የጉዞው መጀመሪያ ጀልባ መፈለግ አይደለም፤ የጉዞውን ምክንያት መወሰን ነው። ተማሪዎቹ የሚሄዱት ስለ አዕዋፍ ለመማር ነውን? ስለ ነገሥታት ታሪክ ነውን? ወይስ ስለ ውኃና ስለ አፈር? ሁሉን በአንድ ቀን ለማየት የሚሮጥ አንዱንም ሳያይ ይመለሳል። ምክንያቱ ሲወሰን መምህሩ አንድ ወር አስቀድሞ በክፍል ውስጥ ያስተምር፤ ተማሪዎቹም የሚጠይቁትን ጥያቄ ጽፈው ይያዙ።

ስለ ጊዜው። በክረምት የደምቢያ ጥቍር አፈር ይጨቀያል፥ ባሕሩም ይናወጣል፥ ዓሣውም ዕንቍላል የሚጥልበት ወራት ነው። ክረምቱ እንደ ወጣ ደግሞ በቆላው ወባ ይበረታል። ስለዚህ ለጉዞ የሚሻለው ከኅዳር መጨረሻ እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው። በዚህ ወራት መንገዱ ይደርቃል፥ አየሩም ይቀዘቅዛል፤ ከዚህም በቀር ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የመጡ ስደተኛ አዕዋፍ በሰሜኑ ዳርቻ ይገኛሉ።

ስለ መንገዱ። ከጠዳ የሚነሣ ጉዞ በአዘዞና በቆላ ድባ አልፎ ወደ ጎርጎራ ይወርዳል። ከጎንደር እስከ ጎርጎራ ያለው ርቀት 60 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሁሉ በፊት ግን የመንገዱ ሰላም ይጠየቅ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭት ብዙ መንገዶችን አውኳል፤ በዚያው ዓመት በሱዳን በተነሣው ጦርነትም ወደ ሳንጋኔብ የሚደረገው ጉብኝት ታውኳል። ስለዚህ መምህሩ ከወረዳው አስተዳደርና መንገዱን ከሚያውቁ ሰዎች ጠይቆ፥ በመነሻው ዋዜማ እንደ ገና ደግሞ ይጠይቅ። ጥርጥር ካለ ጉዞው ይተላለፍ፤ ባሕሩ ለከርሞም በስፍራው ይገኛል፥ የጠፋ ልጅ ግን አይገኝም።

ስለ ፈቃድ። ፈቃድ ከአራት ወገን ያስፈልጋል፤ ይኸውም ከትምህርት ጽሕፈት ቤት፥ ከወላጆች፥ ባሕሩን ከሚጠብቀው የመንግሥት መሥሪያ ቤትና ከገዳሙ አባቶች ነው። የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይሁን፤ ማንበብ የማይችል ወላጅ ቢኖር በሽማግሌ ፊት ተነቦለት ይፈርም። ልጁ የሚጥል በሽታ ወይም ሌላ ሕመም እንዳለበትም ወላጁ በዚያው ጊዜ ይናገር።

ስለ ገዳማቱ። በጣና ካሉት ገዳማት አንዳንዶቹ ሴት አያስገቡም፤ ይህም ከጥንት የቈየ ሥርዓት ነው። መምህሩ ይህን አስቀድሞ ሳይጠይቅ ቢሄድ፥ ሴቶች ተማሪዎች ከጀልባ ሳይወርዱ ወንድሞቻቸውን ሲጠብቁ ይውላሉ። ለትምህርት ተብለው ተነሥተው ሳይማሩ መመለሳቸው የሚያሳዝን ነው፤ ጥፋቱም የገዳሙ ሳይሆን የአሰናጁ ነው። ስለዚህ ወንዱም ሴቱም እኩል ሊገባበት የሚችል ስፍራ ይመረጥ። በጎርጎራ በባሕሩ ዳር ያለችው ደብረ ሲና ማርያም በጥንታዊ ሥዕሎቿ የታወቀች ናት። በጎርጎራ አካባቢም ከ1599 እስከ 1624 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ሱስንዮስ ያሠሩት ሕንፃ ፍራሽ ይገኛል። ደቅ ደሴት ግን ከጎርጎራ ሩቅ ስለሆነ ከጠዳ ተነሥቶ በአንድ ቀን ደርሶ ለመመለስ አይመችም።

ስለ ጀልባው። ደንገል ታስሮ የሚሠራው ታንኳ የአገር ጥበብ ነው፤ በተለይ የነገደ ወይጦ ሰዎች በዚህ ሥራ የታወቁ ናቸው። ተማሪዎቹ አሠራሩን ቁመው ይዩ፥ ይጠይቁም፤ በእርሱ ላይ ግን አይሳፈሩ። ለተማሪዎች የሚገባው የታወቀ ነጂ ያለው የሞተር ጀልባ ነው። ላይፍ ጃኬት የሚባለው የመንሳፈፊያ ልብስ ለእያንዳንዱ ልጅ በቍጥር መኖሩን መምህሩ በዐይኑ አይቶ፥ በልጁም ላይ መታሰሩን በእጁ ዳስሶ ያረጋግጥ። ልብሱ ከጎደለ ተማሪዎቹ በሁለት ተራ ይሂዱ፤ ያለ ልብስ ግን አንድም ልጅ አይሳፈር። ነጂው «ነፋስ ተነሥቷል፥ አይኬድም» ካለ ቃሉ ይከበር።

ስለ ወጪው። የመኪናው፥ የጀልባውና የምግቡ ሒሳብ ተጽፎ በወላጆች ፊት ይነበብ። የድኻ ልጅ በገንዘብ ምክንያት እንዳይቀር ሽማግሌዎች አስቀድመው ይምከሩ። ስንቁም ዳቦ ቆሎ፥ በሶ፥ ቂጣና እነዚህን የመሰለ የማይበላሽ ምግብ ይሁን፤ በጾም ቀን የሚጓዙ ከሆነም ይህ ይታሰብ። የሚጠጣ ውኃ ከቤት ፈልቶ ይያዝ፤ ከባሕሩ ማንም አይጠጣ። ለቁስል ማሰሪያ፥ ሳሙናና ንጹሕ ጨርቅም አይረሳ።

በጉዞው ቀን

ለዐሥር ልጆች አንድ ዐዋቂ ሰው ይመደብ። ልጆቹም ሁለት ሁለት ሆነው ይጣመሩ፤ አንዱ ጓደኛው ሲጠፋ ወዲያው ይናገር። ቍጥር በመነሻ፥ በጀልባ ሲገቡ፥ ከጀልባ ሲወርዱና በመመለሻ ይወሰድ።

ከጠዳ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ቢነሡ ፀሐይ ሳይበረታ ጎርጎራ ይደርሳሉ። የጣና ውኃ በጠዋት ጸጥ ይላል፤ ከቀትር በኋላ ግን ነፋስ እየተነሣ ማዕበል ያመጣል። ስለዚህ የጀልባው ጉዞ በጠዋት ይደረግና ከቀኑ 6 ሰዓት በፊት ሁሉም ወደ የብስ ይመለስ። ከምሳ በኋላ ያለው ጊዜ በዳርቻው አዕዋፍን ለመመልከት፥ ሥዕሎቹን ለማየትና ሽማግሌዎችን ለመጠየቅ ይሁን። ጉማሬና ትንኝ ከሚወጡበት ሰዓት በፊት ወደ መኪና ተገብቶ ቀን በቀን ወደ ቤት ይመለሱ።

ተማሪዎቹ ሊጠብቁት የሚገባው ትእዛዝ ጥቂት ነው፤ በክፍል ውስጥ ደጋግመው ይማሩት።

1ኛ፤ ወደ ውኃ አለመግባት፥ እግርንም አለማራስ። በመውረጃው ድልድይ ወይም ድንጋይ ላይ ብቻ መውረድ።

2ኛ፤ በባሕሩ ውስጥ በሳሙና አለመታጠብ፥ ዕቃም አለማጠብ። ቆሻሻን፥ ይልቁንም ላስቲክን፥ ሁሉ ሰብስቦ ወደ ቤት መመለስ።

3ኛ፤ የወፍ ጎጆ አለመንካት፥ ድንጋይ አለመወርወር፥ አለመጮህ።

4ኛ፤ በገዳም ጫማ ማውለቅ፥ ነጠላ መልበስ፥ ያለ ፈቃድ ሥዕል አለመንካትና ፎቶግራፍ አለማንሣት። መነኮሳት የሚጎበኙ ዕቃዎች አይደሉም፤ በጸሎት ላይ ያሉ አባቶች ናቸው።

5ኛ፤ ተክልም ሆነ ዓሣ፥ ቀንድ አውጣም ሆነ ድንጋይ ይዞ አለመመለስ።

ይህ አምስተኛው ትእዛዝ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ብርቱ ምክንያት አለው። እምቦጭ የሚባለው አረም መነሻው ደቡብ አሜሪካ ነው። ሐምራዊ አበባው ዐይን ይስባል፤ በብዙ አገርም ሰዎች ለውበቱ ብለው ወስደው ተክለውታል። በጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. ገደማ በሰሜኑ ዳርቻ በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ታየ። ከዚያም በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሰፊውን ዳርቻ ሸፈነ፤ የጀልባ መንገድ ዘጋ፥ መረብ አሰናከለ፥ የከብት ማጠጫ ያዘ። ብዙ ሺህ ገበሬዎች፥ ተማሪዎችና ከልዩ ልዩ ከተማ የመጡ ሰዎች በውኃ ውስጥ ቁመው በእጃቸው ነቀሉት፤ ነገር ግን ዘሩ በጭቃ ውስጥ ለብዙ ዓመት ስለሚቈይ ዳግመኛ ይበቅላል። እንግዲህ አንድ ልጅ አበባው አምሮት አንዲት ግንድ በላስቲክ ይዞ ወደ ጠዳ ቢመለስና በመንደሩ ኩሬ ቢጥላት፥ የባሕሩን መከራ ወደ መንደሩ አመጣ ማለት ነው።

ከተመለሱ በኋላ

ጉዞው የሚያልቀው ከመኪና ሲወረድ አይደለም። በማግሥቱ ተማሪዎቹ ያዩትን ይጻፉ፥ ለወላጆቻቸውም ያንብቡ። መምህሩም ያወጣውን ሒሳብ፥ የተሳካውንና ያልተሳካውን ጽፎ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ያስቀምጥ፤ በከርሞ የሚመጣው መምህር ከዚያ ይነሣ ዘንድ።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ነገር ነው። ተማሪዎቹ የባሕሩን ውኃ ደፍርሶ ሲያዩ «ይህ አፈር ከወዴት መጣ» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። መልሱ በቤታቸው አጠገብ ነው። በዳገት ላይ ያለ እርከን የታረሰ እርሻ፥ ሣሩ ያለቀ ግጦሽ፥ ዛፉ የተቈረጠ ተራራ ክረምት ሲመጣ አፈሩን ለወንዝ ይሰጣል፤ ወንዙም ለጣና ያደርሳል። ለምለሙ አፈር ከጠዳ ገበሬ እርሻ ሲጠፋ እህሉ ያንሳል፤ ያው አፈር በባሕሩ ውስጥ ለእምቦጩ ምግብ ይሆናል። ስለዚህ አንዱ ጥፋት ሁለት ሰው ይጎዳል፤ ደጋ ያለውን ገበሬና ዳርቻ ያለውን አጥማጅ።

አልዳብራ በውቅያኖስ መካከል ብቻውን ነው። ጣና ግን በየተራራው ከሚያርሰው፥ ከሚያግደውና ከሚያጥበው ሰው ሁሉ ጋር በውኃ የተሳሰረ ነው። ስለዚህ የጠዳ ተማሪ ጣናን የሚጠብቀው በጎበኘበት አንድ ቀን ብቻ አይደለም፤ በትምህርት ቤቱ ግቢ በሚተክለው ችግኝ፥ ከአባቱ ጋር በሚሠራው እርከን፥ በሚያጸዳው ምንጭም ነው። ሽማግሌዎችም ይህን ለልጆቻቸው ቢያስረዱ፥ በሥራም ቢያሳዩ፥ ቃላቸው ከመጽሐፍ ይልቅ ይሰማል። ከብዙ ዓመት በኋላ የሚወለዱት የጠዳ ልጆችም በተራቸው ወደ ጎርጎራ ሲወርዱ ባሕሩን ከነዓሣው፥ ገዳማቱንም ከነጸጥታቸው ያገኙ ዘንድ ዛሬ የሚጓዙት ያዩትን ሁሉ እንዳለ ትተው ይመለሱ።